ሴግዌይ ደሴ ፒያሳ ላይ ይሄዳል ወይ? አንድ ጥያቄና 31 መልስ

እሑድ ማታ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በምንገናኝበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። እስከ ረቡዕ ማታ 31 መልስ መጣ። መድረኩ ላይ የሌላችሁ ወዳጆቼ ምን ተባለ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለሰነበታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ። የማንንም ስም አላነሳም። መላሾቹን በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር።

ባለፈው ዓመት ዋሽንግተን ወንድሜ ጋ ከርሜ ነበር። የወንድሜ ልጅ የከተማውን መሀል በሴግዌይ ካላሳየሁሽ ብላ ያዘችኝ። ሴግዌይ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ያላት፣ ቆመው የሚነዷት የባትሪ መሣሪያ ናት። መቀመጫ የላትም። ፍሬን የላትም። ወደ ፊት ዘንበል ሲሉ ትሄዳለች። ቀጥ ሲሉ ትዘገያለች። ትንሽ ወደ ኋላ ሲሉ ትቆማለች። ለመታጠፍ መሪዋን ወደሚፈልጉበት ጎን ማዘንበል ነው።

ስምንት ሰዎች ነበርን። አስጎብኚው ሄልሜት አደለንና ገላጣ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አለማመደን። ስወጣባት እግሬ ተንቀጠቀጠ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ እሷም አብራኝ ተንቀጠቀጠች። አስጎብኚው ጉልበቴን ላላ እንዳደርግ፣ እግሬ ሥር ማየቱን ትቼም አርቄ እንዳይ ነገረኝ። እንዳለኝ ሳደርግ ጸጥ አለች። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም።

ከዚያ እንደ ጫጩት እሱን ተከትለን በአንድ መስመር ወጣን። ከካፒቶል ሕንፃ እስከ ሊንከን መታሰቢያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉም ሜዳ ነው። የዋሽንግተን ሐውልት ሥር ስንደርስ አቆመንና ቀና ብለን ድንጋዩን እንድናይ አደረገን። 46 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ሥራው በ1854 እ.ኤ.አ. ገንዘብ አልቆ ቆመ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣ። ብቻዬን ባልፍ ኖሮ ያንን መስመር አላየውም ነበር። መቶ ጊዜ ባልፍም አላየውም።

አብረውን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሩቅ መራመድ አይችሉም። ሴግዌይ ላይ መቆም ግን አላስቸገራቸውም። ከሁላችንም ይልቅ ደስ ያላቸው እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ፒያሳን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከቤታችን ፒያሳ ስንት እርምጃ ነው?

ስለዚህ ጠየቅኩ። ደሴ ላይ ከፒያሳ ተነስቶ አይጠየፍ አዳራሽ የሚደርስ፣ በአስጎብኚ የሚመራ የሴግዌይ ጉብኝት መጀመር ይቻላል ወይ? ቢጀመርስ ማን ይመራናል?

መልስ 1 እንኳን በሰላም ገባሽ የሚል ረጅም ምርቃት ነበር። ስለ ጥያቄው አንድ ቃል አልነበረውም፣ ግን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። መልስ 2 የጻፈችው እናት ወድቄ እንደነበር ጠየቀችኝ። አልወደቅኩም። ቀጥላ የ10 ዓመት ልጇን ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ልጁ አይፈቀድለትም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢያንስ 45 ኪሎ ነው። ቀላል ሰው ወደ ኋላ ዘንበል ቢልም ክብደቱ መሣሪያዋን ለማቆም አይበቃም። ይህን ስነግራት ልጇ እንዳኮረፈ ጻፈችልኝ። አይዞህ በይልኝ።

መልስ 3 ጋ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። በትህትና ጀምሮ አረመኝ። ፍሬን የላትም ማለቴ ልክ አልነበረም። የሚያቆማት ራሱ ሞተሩ ነው። ሲያዘገያት የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። ሚዛኗን የሚጠብቁት ጋይሮስኮፖች (መዞርን የሚለኩ መሣሪያዎች) እና ማዘንበልን የሚለኩ ሴንሰሮች ናቸው። በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል የነጂውን አቋም እያነበቡ ጎማውን ከሥሩ ያስገቡለታል። ሰው ወደ ፊት ሊደፋ ሲል ሳያስብ እግሩን እንደሚያስቀድመው ማለት ነው። እግሬ ሲንቀጠቀጥ እሷም ለምን እንደተንቀጠቀጠች አሁን ገባኝ። የእኔን ፍርሃት ነበር የምታነበው።

ከዚያ ወደ ደሴ መጣ። እሱን ያሳሰበው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ባትሪ ይጨርሳል፣ ያ ግልጽ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ እያለ ረጅም ቁልቁለት ከተጀመረ ግን የሚመለሰው ኤሌክትሪክ መግቢያ ያጣል። ያኔ መሣሪያዋ ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ልትቆም ትችላለች። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ አነሳ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በዚያች መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል እንወርዳለን። ማንም ወጣት ሐረጎን በሴግዌይ ልሞክር እንዳይል አጥብቆ ለመነን። ሌላው ሥጋቱ ኮብልስቶኑ ነው። ድንጋዩ ሲረጥብ ጎማ ይንሸራተታል። ጎማዋ ከተንሸራተተ ሚዛን የሚባል ነገር የለም። የደሴን ጭጋግና ካፊያ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

መልስ 4 ከዚህ ተነስቶ ጉብኝቱ ለምን ኮምቦልቻ እንደማይሆን ጠየቀ። ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፣ መንገዷም ሰፊ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልስ 5 ግን ደሴን እንደ ነኩበት ቆጥሮት ኮምቦልቻ ላይ ምን ሊታይ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ። መልስ 6 ከኮምቦልቻ ተነስታ ቦርከናን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውንና በ2009 ዓ.ም. የተከፈተውን የኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ደሴዎች ራሳቸው ለመብረር ኮምቦልቻ እንደሚወርዱም አስታወሰችው። እውነቷን ነው። መልስ 7 አብሽሩ እያለ ሁለቱን ለማስታረቅ ገባ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን፣ ጠዋት ደሴ ቁርሱን በልቶ ከሰዓት ኮምቦልቻ የሚሠራ ስንት ሰው እንዳለ አነሳ። እሱ ራሱ እንደዚያ ነው የሚኖረው። ከዚህ በኋላ ይህ ጉዳይ አልተነሳም።

መልስ 8 ጨዋታውን ወደ ሌላ ወሰደው። የሴግዌይ ፈጣሪ በገዛ መሣሪያው ገደል ገብቶ እንደሞተ ሰምቷል። ፈጣሪዋን የገደለች መሣሪያ ለእኛ ምን ታደርግልናለች ነው ነገሩ። ይህ ወሬ ብዙ ቦታ ይወራል፣ እኔም ከመሄዴ በፊት ሰምቼው ነበር። መልስ 9 በሚገባ አረመው። ሴግዌይን የፈጠረው አሜሪካዊው ዲን ኬመን ነው። በመሣሪያው አልሞተም። በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ገደል ገብተው የሞቱት ኩባንያውን የገዙት ጂሚ ሄሰልደን ናቸው። ሴግዌይ ላይ እንደነበሩ እውነት ነው፣ ፈጣሪው ግን እሳቸው አልነበሩም። መልስ 9 ይህን ሲጽፍ የሟቹን ክብር ጠብቆ ነው የጻፈው። ደስ አለኝ።

መልስ 10 ግን ደስ አላሰኘኝም፣ ልክ ቢሆንም። አስተያየቱ ስለታም ነበር። በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ሴግዌይ ስትወጣ 5,000 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። ከተሞች ለእሷ ሲባል እንደገና ይሠራሉ እስከመባል ተደርሶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የሴግዌይን ኩባንያ ናይንቦት የተባለ የቻይና ድርጅት ገዛው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያችን የመጀመሪያዋን ሴግዌይ ማምረት ቆመ። ወደ 20 በሚጠጋ ዓመት ውስጥ የተሸጠው 140,000 ያህል ብቻ ነው። የመልሱ ፍሬ ነገር አሜሪካ የጣለችውን ደሴ ልታነሳ መሆኑ እንዳሳዘነው ነበር። መለዋወጫውን ማን ያመጣል፣ መብራት ሲጠፋ በምን ቻርጅ ይደረጋል የሚሉ ጥያቄዎችም ጨመረ። መመረቷ መቆሙን አላውቅም ነበር። ያን ቀን የነዳኋት መሣሪያ እጀታ ላይ ያለው ላስቲክ ተልጦ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ያሉትን እየጠገኑ ነው የሚሠሩባቸው ማለት ነው። መልስ 10ን አመሰገንኩት።

ነገሩ የከረረው መልስ 11 ላይ ነው። እሱ ሴግዌይ ይቻላል ባይ ነው፣ ግን መጀመሪያ ባጃጆች ከፒያሳ መውጣት አለባቸው። ባጃጅ ባለበት እንግዳ ተረጋግቶ ቆሞ ነገር ማየት አይችልም ሲል ሹፌሮቹን በማያምር ቃል ነካቸው። ቃሉን አልደግመውም።

መልስ 12 እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። የባጃጅ ሹፌር ነው። ከንጋት እስከ ማታ ዳገት ቁልቁለቱን የሚያመላልሰን እሱ መሆኑን፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰው እሱ መሆኑን፣ ለፈረንጅ መጫወቻ ሲባል ከፒያሳ ውጣ መባሉ እንዳንገበገበው ጻፈ። ለእኔም ደረሰኝ። ጥያቄዬ የሰው እንጀራ ላይ የሚመጣ መሆኑን አስቤበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላሰብኩበትም ነበር። መልስ 13 ደግሞ ሹፌሩን ስለ አነጋገሩ ተቆጣው። ይህ ፍትሐዊ አልነበረም። መጀመሪያ የተሰደበው ሹፌሩ ነው። ይህንኑ ጽፌ 11ን ይቅርታ እንዲጠይቅ ለመንኩት። እስካሁን አልጠየቀም።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ይሞታል ብዬ ነበር። ሹፌሩ ግን በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። መልስ 14 የእሱ ነው፣ ከሁሉም መልስ በላይ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ እንግዳ ባጃጁ ላይ ተሳፈረ። መኪናቸው ጎማ እስኪጠገንለት ሁለት ሰዓት ነበረው። ከተማዋን እንዲያሳየው ጠየቀው። ሹፌሩ ሁሉንም ሰፈር ያውቃል፤ ቧንቧ ውሃን፣ ሰኞ ገበያን፣ ሆጤን፣ ሸዋ በርን። ዞሩ። አይጠየፍ ጋ ሲደርሱ እንግዳው ይህ ትልቅ ቤት ምንድን ነው አለው። ሹፌሩ አያውቅም። በየቀኑ ያልፈዋል እንጂ አያውቀውም። የመጣለትን መለሰ፣ ጣሊያን የሠራው ነው አለው። እንግዳው አመስግኖ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ያ ሰው ሲጽፍ ማየቱ ሹፌሩን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠዋል። ልክ ይሁን አይሁን ሳያውቅ የተናገረው ነገር ባሕር ተሻግሮ ሄደ። የመልሱ መጨረሻ ጥያቄ ነበር። ቤቱን ማን እንደሠራው የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ጠየቀ።

መልስ 15 የጻፉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ብዙዎቻችን ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስንማር እንደሳቸው ያሉ መምህራን ነበሩን። ሹፌሩን ልጄ ብለው ጀመሩና፣ ሳያውቁ ከመናገር ይልቅ አላውቅም ማለት እንደሚከብድ እሳቸውም በ40 ዓመት ማስተማር ውስጥ እንዳዩት ነገሩት። ከዚያ አረሙት። አይጠየፍን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የግብር አዳራሽ ነው። ስሙም ከዚያው ይመጣል፤ ደሃ ሀብታም፣ እስላም ክርስቲያን ሳይባል፣ ማንም ማንንም ሳይጸየፍ የሚቀርብበት ማዕድ። ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። ወይዘሮ ስኂን ደግሞ ልጃቸው ናቸው፣ የእቴጌ መነን እናት። እዚያ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ተምሬ ይህን ዝምድና ያወቅኩት ማክሰኞ ዕለት ነው።

ጣሊያን የመጣው በኋላ መሆኑንም አስረዱ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሆነው ጦርነቱን በሚመሩበት ጊዜ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በአየር መቃወሚያ መሣሪያ ተኮሱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጣሊያን ደሴ ገባ። ፒያሳ የሚለው ቃል የቀረልን ከዚያ ነው፤ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ነጻ የወጣችው በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ኮምቦልቻ በላይ ባለው ተራራ ላይ ተዋግተው ነው የገቡት። እዚህ ላይ የኮምቦልቻዋ 6 ቁጥር ልብ ምልክት አደረገች።

ሹፌሩ በመልስ 16 አመሰገናቸው። ከዚያ ወዲህ ጣሊያን ሠራው ብሎ የነገራቸውን ሰዎች ሁሉ ማግኘት እንደማይችል አውቆ አዝኗል። ከዛሬ ጀምሮ ግን አይጠየፍ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ለተሳፋሪው ሁሉ በትክክል እንደሚነግር ቃል ገባ። በመልስ 15 ላይ ያለውንም በእጁ ገልብጦ መስታወቱ ሥር ለጥፎታል። ፎቶውን አያይዞታል።

17 እና 18 የደሴ ስም ከየት መጣ ወደሚለው ወሰዱን። አንደኛው አፄ ዮሐንስ በ1882 እ.ኤ.አ. የታየችውን ጅራታም ኮከብ እዚህ ሆነው አይተው ደስ ስላላቸው ነው የሚለውን ተረከ። ሁለተኛው ላኮመልዛ የሚለው ስም ቀድሞ እንደነበር አስገነዘበ። ብዙ ሳይቆዩ ተስማሙ።

መልስ 19 ወደ ምድር መለሰችን። የምትኖረው ቧንቧ ውሃ ነው። እናቷ ለብዙ ዓመት መንገድ ዳር ጉሊት ተቀምጣ ቃሪያና ቲማቲም እየሸጠች አሳድጋታለች። ጥያቄዋ ለእኔ ነበር፤ ሴግዌይ የሚሄደው በየት በኩል ነው? አስፋልቱ የባጃጅና የሚኒባስ ነው። የቀረው የእግረኛ መንገድ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ ደግሞ እናቶች ተቀምጠዋል። ስለዚህ ለእንግዳው መንገድ ሲጠረግ መጀመሪያ የሚነሳው ማን እንደሆነ ታውቃለች። በየጊዜው ዕቃቸው ሲበተን አይታለች። ቃሏ ከ12ም ይልቅ ያመመኝ ቁጣ ስላልነበረበት ነው።

መልስ 20 ቼክ አገር የተማረ የደሴ ልጅ ነው። 19ን ደገፈ። የቼክ ዋና ከተማ ፕራግም መሀል ከተማዋ ጠባብና ድንጋይ ንጣፍ ነው። በሴግዌይ የሚንጋጉ ጎብኚዎች ነዋሪውን ከእግረኛ መንገድ እየገፉ አስመረሩት። በ2016 እ.ኤ.አ. ከተማው ከታሪካዊው መሀል አገዳቸው። ሀብታም ከተማ ያልቻለችውን እኛ እንዴት እንችለዋለን የሚል ነበር መልእክቱ። ከዚህ በኋላ ሴግዌይን ለፒያሳ መከራከሩን ተውኩት። 3 የነገረኝን፣ 10 የነገረኝን፣ 19 የነገረችኝን ደምሬ አየሁት። መሣሪያዋ ለዚህ ከተማ አልተሠራችም።

መልስ 21 ግን አሁንም ተቆጥቶ መጣ። ጦርነት ደጃችን ድረስ በመጣበት በ2014 ዓ.ም. ምን እንደተደረገ ረስተሻል ወይ የሚል ነበር። ሰው ውሃና ሥራ ባጣበት ሰዓት ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት መሰለው። 22 የእኔ መልስ ነው። አልረሳሁም። የውሃውን ነገር በተመለከተ ጀሪካን ይዤ ስቆም እኔንም ታየኛለህ። ግን ከተማዬን ማወቅ ከውሃው የሚቀንስብኝ ነገር የለም። እንዲያውም ያኔ ሸሽተን ስንወጣ ዞር ብዬ ሳያት፣ ምን ምን ትቼ እንደምሄድ እንኳ በስሙ መጥራት አልቻልኩም ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። መልስ 23 በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለው የደሴ ሙዚየም በዚያ ጦርነት ጉዳት እንደደረሰበት አስታውሶ፣ ከጉዳቱ በፊት ገብቶ ያየው ሰው ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን እንድንናገር ጠየቀ። አራት ሰው ብቻ ነው እጁን ያነሳው።

መልስ 24 ወደ ላሊበላ በሚወስደው መስመር የሚሠራ አስጎብኚ ነው። ሰሜን የሚወጡ እንግዶች ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያድራሉ። ማታ ይደርሳሉ፣ ራት በልተው ይተኛሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ላሊበላ ይነሳሉ። ከተማዋን በጨለማ ገብተው በጨለማ ይወጣሉ። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጎ እንዳሳለፋቸው ነገረን፤ እንግዳውን ግማሽ ቀን የሚያቆየው የተዘጋጀ ነገር ስለሌለ ነው። ሴግዌይ እንደማያስፈልግ፣ እግር እንደሚበቃ እርግጠኛ ነው። ምክሩን ግን ልብ በሉት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እንግዳ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ነው መሄድ ያለበት። በጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲገለጥ። በአንድ ቡድን ከስምንት ሰው አይበልጥ። አንድ ቦታ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወራ። አይጠየፍ፣ መርሆ ግቢ፣ ሙዚየሙ፣ ፒያሳ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። የዋሽንግተኑ አስጎብኚያችንም ልክ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ አቁሞ፣ አሳይቶ፣ ሳይሰለቸን ያስነሳናል።

ቡና ሲነሳ 25 እና 26 ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማን እንደሆኑ መከራከር ጀመሩ። የወሎ ልጅ ሆኖ በዚህ የማይከራከር የለም። ትንሽ ጠብቄ ወደ ጉዳያችን መለስኳቸው።

መልስ 27 ወሬውን ወደ ሥራ አመጣው። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ማን እንደሚመጣ ጠየቀ። እንግዳ አንጠብቅ፣ መጀመሪያ ራሳችን እንሂድ ነው ሐሳቡ። መምህሩ ቢነግሩን፣ አስጎብኚው ሰዓቱን ቢይዝልን። መልስ 28 እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ አንድ ቀን ተጀምሮ እንደሚቀር አስጠነቀቀ። ሊሆን ይችላል። እሱም ግን በማግስቱ ስሙን አስመዘገበ።

መምህሩ በመልስ 29 እሺ አሉ፣ ቅድመ ሁኔታም አስቀመጡ። በጣታቸው ሊያሳዩን ስለሚችሉት ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። ማስታወሻ ደብተር ያልያዘ እንዳይመጣ።

መልስ 30 የቧንቧ ውሃዋ ናት። ጉሊቱም አንድ መቆሚያ እንዲሆን ጠየቀች። እናቷ እዚያች ጥግ ላይ ከተቀመጠችበት ዓመት ጀምሮ ፒያሳ ላይ የፈረሰውን፣ የተሠራውን፣ ማን የት ሱቅ እንደነበረው በቃሏ ታውቃለች። መምህሩ ወዲያው ተስማሙ። ለእሷ 20 ደቂቃ እንዲሰጥ አስጎብኚውን ለመኑት፤ የራሱ ሕግ አሥር ደቂቃ ቢሆንም ፈቀደ።

መልስ 31 የሹፌሩ ነው። ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የጻፈው። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጁን አጥቦ ዝግጁ ይሆናል። መራመድ የማይችሉ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን ከየቤታቸው ያመጣል፣ ከመቆሚያ መቆሚያም ያደርሳል። ሒሳብ አይቀበልም። ሦስት ሰው ይይዛል፣ ሁለት ቦታ ተይዟል። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ፒያሳን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል ያልኳት እናቴ የት ሰፈር እንደሆነች፣ በሩ ድረስ ባጃጅ ይገባ እንደሆነ።

ይገባል። ጠባብ ቢሆንም ይገባል። ሰፈራችንን ጻፍኩለት።